ስድስት መስታወት የነበረው ደላላ

ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ዣንጥላውን ረስቶ ወጥቶ ዝናብ ቢደበድበው የሚያዝንለት ሰው የለም። ይገባዋልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደመና ከየት ተነሥቶ የት እንደሚዘንብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥል የኖርኩ እኔ፣ ያን ዕለት ቀና ብዬ ሰማዩን እንኳ ሳላይ ጋዜጣ ልገዛ ወጣሁ። ጋዜጣዬን ይዤ ስመለስ፣ ገና መንገዱን ሳልሻገር ያወርደው ጀመር። ጋዜጣውን በራሴ ላይ ዘርግቼ ሮጥኩና፣ እግር ጥሎኝ፣ ያገኘሁት የመጀመሪያ በር ውስጥ ዘው አልኩ። የቤት ደላላው ቢሮ ነበር።

ቢሮው አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የሚሸጡና የሚከራዩ ቤቶች ቁልፎች በየካርቶን ምልክታቸው ተሰቅለዋል፤ ሁለት ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። አንደኛው ላይ ስልክ፣ የጫማ ብሩሽና ተጣጥፎ የተቀመጠ መሐረብ አለ፤ የደላላው ነው። ሌላው ላይ በእርሳስ የተሣለ የሰፈራችን ካርታ ተዘርግቷል፤ ከየጣራው የሚወርደው ውሃ በየት በየት እንደሚሄድ በሰማያዊ መስመር ተመልክቶበታል። ይሄኛው የእኅቱ ልጅ ጠረጴዛ ነው። ከጀርባቸው ደግሞ ስድስት ትላልቅ መስታወቶች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

ደላላውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መስታወቱ ይለዋል። እኔ ስሙ የወጣለት ከንጽሕናው የተነሣ ይመስለኝ ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቢቀረውም ጫማው ሁልጊዜ ያበራል፣ ሪዙ በመቀስ የተለካ ነው። የሰፈሩን ግማሽ ቤት የሸጠው እሱ ነው፤ የእኔንም ጭምር። የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቁልፋችንን ሲያስረክበን ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ጠርዙ በእጅ የተቀረጸ ትልቅ መስታወት ተሰቅሎ አገኘን። «ምርቃት ነው መምህር፤ ለምወደው ሰው ብቻ የምሰጠው» አለኝ። ይህንን ደግነቱን ለስንቱ ሰው እንዳወራሁለት እሱ ያውቃል።

የእኅቱን ልጅ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። አንድ ቀን እጇን አውጥታ «መምህር፣ በእኛ መንገድ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝና «እሱ ለፈተና አይመጣም፤ ተቀመጪ» ብያታለሁ። አልተቀመጠችም ማለት ይቻላል። ኮሌጅ ገብታ የአካባቢ ጥበቃ አጠናች፤ ተመርቃ ስትመለስ ሁሉም ሰው መሥሪያ ቤት ትገባለች ሲል እሷ አጎቷ ቢሮ ገብታ ቤት ማሻሻጥ ያዘች። «ሰው ከመሬት ጋር የሚጣላውም የሚታረቀውም ቤት ሲገዛ ነው» ትላለች።

ስገባ ሁለቱም ቆመው ይከራከሩ ነበር።

«እሰይ! ዳኛ መጣልን» አለ ጋሼ መስታወቱ፣ ወንበር እየሳበልኝ። «ይቀመጡ መምህር። ልብስዎን ያራግፉ። ሻይ ይጠጡና ይፍረዱን። ይቺ ልጅ ልታከስረኝ ነው እንዴ ያሳደግኳት?»

«ምን ሆናችሁ ነው?» አልኩ።

«የልብስ ሰፊዋን ቤት ያውቁታል አይደል? ታች መታጠፊያው ጋ ያለውን?»

የማያውቀው የለም። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሩቅ አገር ያለችው ሴት ልጇ በሚመጣው ወር ትወልዳለች፤ እናቷን ደግሞ «ቤቱን ሸጠሽ ነይ፣ ከእንግዲህ አብረን እንኑር» ብላታለች። ስለዚህ ቤቱ ቶሎ መሸጥ አለበት። በግቢው መካከል ግን አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ባሏ በጎጇቸው መጀመሪያ ዓመት የተከለው ነው።

«ዛፉ ይቆረጣል» አለ ጋሼ መስታወቱ። «ቆራጩን ለቅዳሜ ጠርቼዋለሁ። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ሊሾ ይሆናል። ውስጡ ቀለም ይቀባል። ከዚያ አንድ መስታወት ጣል አደርግበታለሁ፤ አለቀ! ቤት ሊሸጥ ሲል እንደ ሙሽራ መታጠብና መላጨት አለበት መምህር።»

«እትዬ ግን ቁረጡ ስትል እያለቀሰች ነው» አለች ልጅቷ። «እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እሺ ያለችው እኮ እርስዎ 'ዛፉ ካልወደቀ ገዢ አይመጣም' ስላሏት ነው፤ የልጇ ቀን እንዳያልፍባት ፈርታ ነው።»

«ታዲያ ዋሸሁ? ዛፍ ማለት ቅጠል ነው፤ ቅጠል ማለት መጥረጊያ ነው፤ መጥረጊያ ማለት ከሚስት ጋር ጭቅጭቅ ነው! የትኛው ገዢ ነው ጭቅጭቅ የሚገዛው?»

በሳቅ ፈነዳሁ። ልጅቷም ሳቋን አልቻለችም፤ ግን አልተበገረችም።

«አጎቴ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እትዬ በዚያ መስኮት ሥር ከሙሽርነት እስከ እርጅና ስትሰፋ ኖራለች። የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የሚመታው። አንድ ቀን ሞቀኝ ብላ ሥራ ፈትታ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ጎበዝ ሴት ናት።»

«ጉብዝናዋ እንዳለ ሆኖ ጥላው ነው። ዛፉ ሲወድቅ ያ ክፍል ምድጃ ይሆናል። ሰው ቤት ሲገዛ ግድግዳውን ብቻ አይደለም የሚገዛው። ጠዋት የሚገባውን ፀሐይ፣ ከሰዓት የሚያርፍበትን ጥላ፣ ተኝቶ የሚተነፍሰውን አየር አብሮ ነው የሚገዛው። እኛ ስለነዚህ ትንፍሽ ሳንል ስለ በሩ እጀታ እናወራለን።»

«ጥላ አይሸጥም ልጄ! በውል ላይ 'አንድ ጥላ' ተብሎ የተጻፈ አይቼ አላውቅም።»

«እሺ፣ ሊሾውስ? አፈሩ አሁን ውሃውን ይጠጣል። በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው የት ይሄዳል?»

«ወደ ውጭ።»

«ውጭ ማለት ጎረቤት ነው። ጎረቤትም ሊሾ ሲያደርግ ወደሚቀጥለው። ካርታውን ይዩት፤ ሁሉም ተጠራቅሞ ታች መንገዱን ያጥለቀልቀዋል። አምና ዳቦ ጋጋሪው ቤት ውሃ የገባው ከየት መጥቶ ይመስልዎታል?»

«እኔ ቤት ነው የምሸጠው፣ ወንዝ አልሸጥም!» አለ ሽማግሌው ጠረጴዛውን መታ እያደረገ፤ ወዲያው ግን መታሁት ብሎ ደንግጦ በመሐረቡ ጠረገው።

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል ለሁለቱም ራሴን እነቀንቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የመምህራን ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ይህን ያህል ይችላል። የተማረ ሰው መቼም ነገሩን ከሁሉም አቅጣጫ ማየት አለበት እያልኩ ራሴን አሞግሳለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሻዩ ጥሩ ነበር፣ ዝናቡም አላባራም።

«የመስታወቱስ ነገር?» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እሱንም ለመምህር ይንገሩልኝ።»

«መስታወት ምን አደረገ?»

«እርጥበት ይሸፍናል» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «ግድግዳ ሲረጥብና ሲሻግት አጎቴ ይቀቡታል፤ ቀለሙ ሲያብጥ መስታወት ይሰቅሉበታል። ገዢው መስታወቱን ተመርቆ ይገባል። ሻጋታው ከጀርባው ሆኖ ሥራውን ይሠራል።»

«ገዢውም ደስ ብሎት ይኖራል!» አለ ጋሼ መስታወቱ። «ምን ላድርግ ታዲያ? እያንዳንዱን የሚያለቅስ ግድግዳ እየዞርኩ ላስተዋውቅ? ይሸሻሉ!»

«የሚሸሸው ይሽሽ። የቀረው ያምነናል።»

ይህን ስሰማ የመኝታ ቤታችን መስታወት በዓይኔ ላይ ውል አለብኝ። ቢሆንም አላሳሰበኝም። እንዲህ ያለው ነገር ሌላ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ የእኔ የፍቅር ስጦታ ነው አልኩ በልቤ። ቀና ብዬ ሳየው ጋሼ መስታወቱ ማንቆርቆሪያው ላይ አቀርቅሮ ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

በመጨረሻ ልጅቷ እንዲህ አለች። «ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ነርስ ቤቱን ልታይ ትመጣለች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በእኔ መንገድ እናሳያት። ቀለም የለም፤ ሊሾ የለም፤ መስታወት የለም። የቤቱን ደጉንም ክፉውንም በአንድ ወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ። እንቢ ካለች ቅዳሜ ዛፉ ይቆረጥ፤ እኔም ከእንግዲህ እርስዎ እንዳሉኝ እሠራለሁ፣ አፌንም አልከፍትም። ከገዛች ግን እነዚያ ስድስቱ ጡረታ ይውጡ።» መስታወቶቹን በጣቷ አሳየች።

ሽማግሌው ሪዙን አሻሸ። «መምህር ምስክር ይሁኑ» አለ። «ቃሌ ቃል ነው።»

ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት የአንድ ዛፍ ዕድሜ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር፣ ከነርሷ ደግ ቃል በስተቀር የሚያተርፈው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ደረሰ፤ ዝናቡም አብሮ ደረሰ። ዛሬስ ዣንጥላ አልረሳሁም። ቢሮው ስደርስ ጋሼ መስታወቱ በር ላይ ቆሞ ሰማዩን ይራገማል።

«ይቅር ዛሬ! ቤት በዝናብ አይታይም! አርባ ዓመት ስሠራ በዝናብ ቤት ያሳየ ደላላ አላየሁም። ቤት የሚታየው በጠራራ ፀሐይ፣ በስድስት ሰዓት ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ሰው በበጋ ገዝቶ በክረምት የሚያለቅሰው» አለች ልጅቷ፣ ቦት ጫማዋን እያጠለቀች። «እኔ ብችል ዝናብ ሳይዘንብ አንድም ቤት አላሳይም ነበር። መምህርስ ተማሪያቸውን ሳይፈትኑ ያሳልፋሉ?»

ስንቱን ሳልፈትን እንዳሳለፍኩ ስለማውቅ ዣንጥላዬን መክፈት ያዝኩ።

የልብስ ሰፊዋ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል የልብስ መስፊያ መኪናዋ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ጠመኔና ሜትር። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በር ሥር ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ማንጎው ዝናቡን ተቀብሎ በየቅጠሉ ያንጠባጥባል። «ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው» እያለች ወንበር ስታቀርብ ዓይኗ ከዛፉ አይነቀልም ነበር፤ ሰው ሊለየው ያለ ዘመዱን እንደሚያይ ታየዋለች።

ወደ ውስጠኛው ክፍል ብቅ አልኩ። ከአልጋው ራስጌ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ ጠርዙ የተቀረጸ ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል።

ልጅቷም ከኋላዬ መጥታ አየችው። «አጎቴ!» አለች በሹክሹክታ። «ቃልዎ?»

«ጠዋት በዚህ ሳልፍ ነው» አለ ሽማግሌው፣ ዓይኗን ሳያይ። «እትዬ ገበያ ወጥታ ነበር፣ ቁልፉም እጄ ላይ። ምን ልበልሽ፣ እጄ አላርፍ አለኝ። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ነው። አንዷን ብቻ...»

«ያውርዱት! አሁኑኑ!»

ጊዜ አልነበረም። ነርሷ ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ቆፍጣና ሴት ናት፣ ቦርሳዋ በትከሻዋ ተንጠልጥሏል። ሰላምታ ሰጥታን ወረቀቱን ከልጅቷ እጅ ተቀበለችና ቆማ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር።

«'ጠዋት ፀሐይ በጓዳው በኩል ይገባል። ከሰዓት የፊተኛውን ክፍል ማንጎው ያጠላዋል፤ በሙቀት ወራት ማራገቢያ አያስፈልግም። ጣራው ደህና ነው። የጓዳው በር በዝናብ ጊዜ ያብጥና ይጠብቃል። የውስጠኛው ክፍል የሰሜኑ ግድግዳ እርጥበት አለው፣ ሻጋታም ጀምሮታል...'»

ነርሷ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። የሰሜኑን ግድግዳ ፈለገች። ያገኘችው የራሷን ፊት ነው። ከኋላዋ እኛ፣ ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን፣ በመስታወቱ ውስጥ ተደርድረን እንታያለን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ እኔ እንኳ ምስክር ብቻ ሆኜ።

«ይሄንን መስታወት አውቀዋለሁ» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እኔ በየቤቱ እየዞርኩ በሽተኛ የምጎበኝ ነኝ። በዚህ ሰፈር ክረምት ከበጋ የሚያስል ሰው ያለበት ዐሥራ አንድ ቤት አውቃለሁ። በዘጠኙ ቤት ልክ እንደዚህ ያለ፣ ጠርዙ የተቀረጸ መስታወት ከአልጋው ራስጌ አለ። መጀመሪያ ፋሽን መስሎኝ ነበር። ኋላ አንዲት ባልቴት ቤት ሚስማሩ ለቆ መስታወቱ ሲወድቅ ከጀርባው ያለውን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ ከበሽተኛው በፊት መስታወቱን ነው የማየው። ማን እንደሚሰቅለው ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።»

ዘጠኝ ቤት። ጋሼ መስታወቱን አየሁት፤ በአንድ አፍታ ዐሥር ዓመት ያረጀ መሰለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ሐዘን ቤት አምሽቶ የሚሄድ ሰው ነው። ከነዚያ ዘጠኙ ስንቱን ብርቱካን ይዞ እንደጠየቀ ያኔ ሳያስብ አልቀረም። ወደ ፊት ራመድ ብሎ በሁለት እጁ መስታወቱን ከነሚስማሩ ነቅሎ አወረደው። ከጀርባው ጥቁርና አረንጓዴ የሆነ፣ ላብ የሚያወጣ ግድግዳ ተገለጠ።

«እኔ ነኝ ሲስተር» አለ። «ዛሬም ጠዋት የሰቀልኩት እኔ፣ ያን ሁሉ ዘመን የሰቀልኩት እኔ። ይቺ ልጅ የለችበትም፤ እንደምታይው እውነቱን ጽፋልሻለች። እትዬም አታውቅም። ሰው ላሳምም ብዬ አልነበረም፤ ቤት ላሳምር ብዬ ነበር። እያሳመምኩ እንደሆነ... ማንም አልነገረኝም ልል ነበር። ይቺ ልጅ ግን ዓመት ሙሉ ስትነግረኝ ነበር።»

ነርሷ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ግድግዳውን በጣቷ ዳሰሰችና ዞር አለች።

«ማሳመሩን ይተዉትና ጋሼ፣ የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ ካሉ ያውቃሉ። ይሄ ግድግዳ ለምን ረጠበ? ይድናል ወይስ አይድንም?»

በሰፈሩ ያለ የእያንዳንዱ ግድግዳ እርጥበት ከየት እንደመጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ካላወቀ እንዴት ይሸፍነዋል? በአርባ ዓመት ውስጥ ግን አንድም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም ነበር። ቀና አለ።

«አሸንዳው ነው» አለ። «ግድግዳው ጤነኛ ነው። ነይ፣ ላሳይሽ።»

በዚያ በሚያበራ ጫማው፣ ዣንጥላም ሳይዝ፣ ጭቃው ውስጥ ገባ። ተከተልነው። ከጣራው የሚወርደው ውሃ በተሰበረ አሸንዳ በኩል ግድግዳው እግር ሥር ይደፋል። ጋሼ መስታወቱ ጥግ ላይ ወድቆ የነበረ የቆርቆሮ ቁራጭ አንሥቶ በጉልበቱ ጎበጥ አደረገና ከተሰበረው ሥር ገጠመው። ውሃው አቅጣጫውን ቀይሮ ከማንጎው ሥር ካለው ጉድጓድ ገባ። አፈሩ ተቀበለው፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ኩሬ ሳይሠራ፣ እየጠጣ ዋጠው።

«አሸንዳው ተጠግኖ፣ ሻጋታው ተፍቆ፣ ግድግዳው አንድ ሙሉ በጋ መስኮት ተከፍቶለት ይደርቃል። ቀለም አትቀቢው፤ ኖራ ይበቃዋል፣ ኖራ ያስተነፍሰዋል» አለ፣ ከሪዙ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ።

ልጅቷ ከጎኔ ቆማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «መምህር፣ አጎቴ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር እኮ!» አለችኝ።

ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ጩኸት ተሰማ። ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በመጥረጊያ ውሃ ከሳሎኑ እያስወጣ። ግቢው እንደ ሳህን የጠራ ሊሾ ነው።

«ጋሼ መስታወቱ! እዚያ ነዎት? 'ሊሾ አድርገው ያምርብሃል' ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ይኸው አምሮብኛል! ዳክዬ ማርባት ብቻ ነው የቀረኝ!»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ነገ መጥቼ ቦይ እቆፍርልሃለሁ!» ብሎ መለሰለት ጋሼ መስታወቱ በአጥሩ ላይ። ዳቦ ጋጋሪው መጥረጊያውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ፤ ከዚህ ሰውዬ አፍ ይቅርታ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ነርሷ ሳቀች። የዳቦ ጋጋሪውን ግቢ አየች፣ የማንጎውን ግቢ አየች።

«እገዛዋለሁ» አለች። «እስካሁን አምስት ቤት አይቻለሁ፤ አምስቱም እንከን የለሽ ተብዬ። እንከኑን የነገረኝ ቤት ይሄ ብቻ ነው። ክፉውን ካልደበቃችሁኝ ደጉንም አምናችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቡልኝ፤ ከዚህ ዛፍ አንዲት ቅርንጫፍ እንዳትነካ።»

ልብስ ሰፊዋ እስካሁን በር ላይ ቆማ ነበር። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «የሚያጠጣው ሰው አገኘ!» አለችና እያለቀሰች ሳቀች። «ክፉ አይንካሽ ልጄ። በጥር ነው የሚያብበው፤ አበባው ሲረግፍ አትደንግጪ፣ አመሉ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ዛፍ ቆራጩ መጥረቢያውን ይዞ ቢመጣ የደረቀ ጭራሮ እንኳ አጣ፤ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሊሾ እንዲሰብር ተላከ። ጋሼ መስታወቱ ዘጠኙን ቤቶች ከእኅቱ ልጅ ጋር እየዞረ መስታወቱን አወረደ፣ አሸንዳ አቃና፣ በርሜል አስቀመጠ። ጣራው የሚያወርደውን ውሃ ሰው ለአትክልቱና ለወለል ማጠቢያው ይይዘው ጀመር፤ ታች መንገዱም ዘንድሮ አልተጥለቀለቀም። አሁን ከቢሮው ያለዚያች ወረቀት የሚሸጥ ቤት የለም፤ ፀሐዩ፣ ጥላው፣ ውሃው፣ እንከኑ ይጻፍባታል፣ አሻሻጩም ይፈርምባታል። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር «እውነቱን የሚናገሩት ደላሎች የት ናቸው?» እያሉ ይመጣሉ። ሁለት ተፎካካሪዎቻቸው ወረቀቷን ቀድተዋታል፤ ልጅቷ ብትሰማ «እሰይ፣ ይቅዱ!» አለች። መስታወቶቹን ፀጉር አስተካካዩ ወሰዳቸው፤ መቼም መስታወት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለውም። ሽማግሌውም ስሙ ተቀይሮ ጋሼ አሸንዳ ሆኗል፣ ሲጠሩትም ደረቱን ይነፋል። ልብስ ሰፊዋ የሴት ልጅ አያት ሆናለች፤ ነርሷ ማንጎ በካርቶን ሞልታ በአውቶብስ ልካላታለች።

አንድ ነገር ግን ዘልያለሁ። የዘለልኩትም ሳላስበው አይደለም፤ አፍሬ ነው።

የዚያን ሐሙስ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ስንመለስ ጋሼ መስታወቱን መንገድ ላይ አስቆምኩት። «የእኔስ?» አልኩት። «የእኔ መስታወት የእርጥበት መሸፈኛ ነው ወይስ የፍቅር ስጦታ?» ፊቱን በመሐረቡ ጠረገ። «ሁለቱም ነው መምህር» አለ። «ከዘጠኙ ግን አይደለም፤ ባለቤትዎ ሐኪም አልጠሩምና ሲስተር አልቆጠረቻቸውም። እወድዎት ነበር፤ ትልቁንም የሰጠሁዎት ለዚህ ነው። እርጥበቱም ትልቅ ነበር።»

ቤት ገብቼ በቀጥታ መኝታ ቤት ሄድኩና መስታወቱን አወረድኩት። ከጀርባው ያየሁት እንደ ካርታ ነበር፤ ወንዝ ከነገባሩ፣ ሐይቅ ከነደሴቱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ያነበብኩ ሰው፣ ይህ ካርታ ከራሴ ትራስ በላይ ተሰቅሎ አንድ ቀን አላየሁትም። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«አገኘኸው?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«በገባን በዓመቱ ነው ያወቅኩት፤ ስወለውል። ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ። አንደኛውን ጊዜ ፈተና ታርም ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ 'እሺ' አልከኝና ረሳኸው። ሦስተኛውን ጊዜ 'ስለ እርጥበት እኔን ታስተምሪኛለሽ?' አልከኝ። ከዚያ ተውኩት።» ከዚያም አሳለች። ልትነካኝ ብላ አልነበረም፤ እንዲሁ አሳለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያችን ሳል እንደ ሰዓት ድምፅ ለምጃት ነበር፤ ያን ቀን ግን አጥንቴ ድረስ ሰማኋት። ይቅርታ ብዬ እጇን ሳምኩ። መስታወት የሰቀለው ሽማግሌው ብቻ ነው ልል ብል አፌ እንቢ አለኝ።

በማግሥቱ አጎትና የእኅት ልጅ መሰላል ይዘው መጡ። እኔ መሰላሉን ያዝኩ፤ ልጅቷ ጣራ ላይ ወጥታ አሸንዳውን አቃናች፤ ሽማግሌው ከታች በርሜሉን አስተካከለ። ያ ግድግዳ በጋውን ሙሉ ሲደርቅ ከረመ። ዘንድሮ የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ልጅቷ ሥራዋን ልታይ መጣች፤ በርሜሉ ሞልቶ የተረፈው በአጥሩ ሥር ወጥቶ ወደ ታች ሲሮጥ አየች።

«መምህር» አለችኝ ፈገግ ብላ፣ «በእኛ መንገድ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው የት ነው?»

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። በሕይወቴ ለተማሪ እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም። «ነይ ሄደን እንየው።»

ኮፍያዬን አድርጌ ከውሃው ጋር ቁልቁል ወረድን። ገና መታጠፊያው ጋ ሳንደርስ የባለቤቴ ድምፅ ከመኝታ ቤቱ መስኮት፣ ሳል ያላቋረጠው፣ ጥርት ያለ፣ መንገዱን ሁሉ ሞልቶ ተከተለኝ።

«አንተ ሰውዬ! ዣንጥላህን!»